የጨለማ ክፍል እጆች

ፎቶሾፕን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ከግራ በኩል በተደረደሩት ጥቃቅን ምልክቶች ላይ ነው። ከእነዚህ አንዷ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካች ጥቁር ክብ ናት፤ ብዙ ጀማሪዎች ባለ እንጨት ከረሜላ ትመስላቸዋለች። ከእሷ ጋር ደግሞ ጣቶቿን አጠፍ አድርጋ በመሃል ቀዳዳ የሠራች እጅ አለች። አሰልጣኙ «ይቺ ታፈካለች፣ ይቺ ታጠቁራለች» ይልና ወደ ሌላው ያልፋል። ተማሪውም ያንኑ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። የምታፈካው ስለምን ዘንግ ሆነች? የምታጠቁረውስ ስለምን እጅ?

መልሱ ያለው ኮምፒውተር ገብቶበት በማያውቅ ክፍል ውስጥ ነው።

ክፍሉ ጨለማ ነው፤ የሚበራበት ቀይ መብራት ብቻ ነው፤ ከኬሚካሎቹ የሚወጣው የኮምጣጤ ሽታ ግድግዳው ውስጥ ሰርጿል። ጠረጴዛው ላይ የማጉያ መሣሪያ ቆሟል። ከላይ አምፖል፣ ከአምፖሉ ሥር ኔጋቲቭ፣ ከኔጋቲቩ ሥር ሌንስ፣ ከሁሉም ሥር ገና ምንም ያልሰፈረበት ነጭ ወረቀት። አምፖሉ ሲበራ በኔጋቲቩ ውስጥ ያለፈው ብርሃን ወረቀቱ ላይ ይወርዳል። ብዙ ብርሃን ያገኘ ቦታ ኋላ ይጠቁራል፣ ጥቂት ያገኘው ነጣ ብሎ ይቀራል። ሥራው ሁሉ የተመሠረተው በዚህች አንዲት ሕግ ላይ ነው።

የሠርግ ፎቶ ነው እንበል። ወረቀቱ ሃያ ሰከንድ ብርሃን ይፈልጋል። የሙሽራው ፊት ግን ጥላ ውስጥ ገብቶ ጠቁሯል፤ የሙሽሪት ቬሎ ደግሞ ከመጠን በላይ ነጥቶ ጥልፉ አይታይም። ፎቶ አጣቢው ከካርቶን የቆረጣትን የሣንቲም ያህል ክብ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ሰክቶ፣ ከሃያው ሰከንድ አምስቱን ያህል ከሙሽራው ፊት በላይ ያንዣብባታል። የክቧ ጥላ ያረፈበት ቦታ ብርሃን ቀንሶበታልና ፊቱ ይፈካል። ሃያው ሰከንድ ሲያልቅ ሁለት እጁን ከሌንሱ ሥር ዘርግቶ፣ ጣቶቹን አጥፎ በመሃላቸው አነስተኛ ቀዳዳ ይተዋል፤ በቀዳዳዋ በኩል ቬሎው ብቻ ተጨማሪ አሥር ሰከንድ ያገኛል። ጥልፉ ብቅ ይላል። እጁም ካርቶኗም ለአፍታ አይቆሙም፤ ከፍ ዝቅ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ከቆሙ ዳራቸው ወረቀቱ ላይ ይሰመራል፣ ሥራውም ይታወቃል።

በፎቶሾፕ ሳጥን ውስጥ ያሉት ዘንግና እጅ እነዚህ ናቸው። ዶጅና በርን የሚባሉት ስሞቻቸውም ከዚያው ክፍል የመጡ ናቸው። ይህን ያወቀ ተማሪ አሰልጣኙ «ብሩሹን ለስላሳ አድርግ፣ ኃይሉን ወደ አሥር በመቶ አውርድ፣ ደጋግመህ እለፍበት» ሲለው ነገሩ ይገባዋል። ለስላሳው ጠርዝ ያች ያልቆመች እጅ ናት፤ ደጋግሞ ማለፉ ደግሞ አንድ በአንድ የሚቆጠረው ሰከንድ ነው።

በአማርኛ ለዚህ ሙያ የሰጠነው ቃል ራሱ የጨለማውን ክፍል ያስታውሳል። ፎቶ እናነሳለን፣ ከዚያም እናሳጥባለን። ወረቀቱ ሳህን ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ በቀዩ መብራት ሥር ወዝወዝ ሲደረግ፣ ከነጭ ውስጥ መጀመሪያ ፀጉር፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ቀጥሎ የሸሚዝ ኮሌታ ሲወጣ ላየ ሰው «ማጠብ» ትክክለኛው ቃል ነው። ዛሬ አንድ ጠብታ ውኃ በሌለበት ማተሚያ የሚወጣውንም ፎቶ «አሳጠብኩ» ማለታችን አልቀረም።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከገነነው መካከል አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ይገኝበታል። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1941 በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሳው ፎቶ ከሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው ነው። ያንኑ አንድ ኔጋቲቭ በዕድሜው ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ አትሞታል። የመጀመሪያዎቹ እትሞች ሰማዩ ላይ ደመና ይታይባቸዋል፤ በኋለኞቹ ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሮ ጨረቃዋ ብቻዋን ቀርታለች። አዳምስ በወጣትነቱ ፒያኖ ተጫዋች ለመሆን የሠለጠነ ሰው ነበርና ኔጋቲቭን ከተጻፈ የሙዚቃ ኖታ፣ እትምን ደግሞ ኖታውን ከሚጫወተው ሰው አጨዋወት ጋር ያመሳስል ነበር። ኖታው ያው ነው፣ አጨዋወቱ በየዕድሜው ይለያያል።

በኒው ዮርክ በማግነም የፎቶ ድርጅት የጨለማ ክፍል የሠሩ አጣቢዎች ደግሞ ለእያንዳንዱ ፎቶ ካርታ ያዘጋጁ ነበር። ተዋናዩ ጄምስ ዲን በ1955 በዝናብ ታይምስ ስኩዌርን ሲያቋርጥ ዴኒስ ስቶክ ያነሳው ፎቶ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሥራ እትሙ ላይ ክቦች፣ መስመሮችና ቁጥሮች ተጽፈውበት ይታያል፤ እዚህ ይህን ያህል ሰከንድ ጨምር፣ እዚያ ይህን ያህል ቀንስ። ለአላፊ አግዳሚው በአጋጣሚ የመጣ የሚመስለው ጭጋግ በሰከንድ ተለክቶ የተሠራ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሙያው መካከለኛ ዘመን ነው። መነሻው ከዚያ ይቀድማል፤ የተነሳበትም ምክንያት ከሰው ከንቱ ውበት ወዳድነት ይልቅ የኬሚካል ጉድለት ነበር።

በ1851 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር መስታወት ላይ ኮሎዲዮን የሚባል ፈሳሽ ቀብቶ ገና እርጥብ እያለ ፎቶ የማንሳትን ዘዴ ለሕዝብ አስተዋወቀ። መስታወቱ ከወረቀት ኔጋቲቭ የበለጠ ጥራት ሰጠ፤ ግን ቀይና ቢጫ ብርሃንን አያይም ነበር። የሚያየው ሰማያዊን ነው። በዚህ ምክንያት ቀላ ያለ ጉንጭ ጠቁሮ ይወጣል፤ በዓይን እምብዛም የማይታይ ነጠብጣብ ፎቶው ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ይጎላል፤ ሰማያዊው ሰማይ ግን ደመናው ሁሉ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። ገንዘቧን ከፍላ የተነሳች እመቤት የገዛ ፊቷን ስታይ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ፎቶግራፍ አንሺውም ያላጠፋውን ጥፋት ለማረም እርሳስ አነሳ።

በ1855 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሙኒኩ ፎቶግራፍ አንሺ ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል የአንድን ሰው ምስል ሁለት አድርጎ አቀረበ ይባላል፤ አንዱ እንደተነሳ፣ ሌላው ኔጋቲቩ ላይ በእጅ ተስተካክሎ። ተመልካቹ እየተጋፋ አየው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ ፎቶ ቤቶች ውስጥ አራሚ የሚባል ራሱን የቻለ ሠራተኛ ተፈጠረ።

የአራሚው ጠረጴዛ ቀረብ ተብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። እንደ መጽሐፍ ማንበቢያ አትሮኖስ ያዘነበለ ሰሌዳ ነው፤ መሃሉ ላይ በብርጭቆ የተሸፈነ ቀዳዳ አለው። ከሥሩ የተቀመጠ መስታወት የመስኮቱን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል፤ ኔጋቲቩ ቀዳዳው ላይ ሲቀመጥ ከሥር ይበራል። አራሚው እርሳስ እንዲይዝለት ኔጋቲቩን ቫርኒሽ መሰል ነገር በጨርቅ ያሸዋል። እርሳሱ ጠንካራ ዓይነት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ተሞርዶ ጫፉ እንደ መርፌ ረጅምና ቀጭን ይሆናል። ከዚያ ሥራው ይጀመራል። በኔጋቲቭ ላይ ነገሩ ሁሉ ግልብጥ ነው፤ በሰው ግንባር ላይ ያለ የጨለመ መስመር በኔጋቲቩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቦታ ነው። አራሚው ያንን ስስ ቦታ በኮማ ቅርጽ ባላቸው፣ ዓይን በማያያቸው ጭረቶች ይሞላዋል። እርሳሱ ብርሃኑን ጥቂት ይይዘዋል፤ ሲታተም መስመሩ ይፈካል። በተቃራኒው አንድን ቦታ ማጥቆር ከፈለገ በስለታም ቢላዋ የኔጋቲቩን ገጽ ይፍቃል። ወገብን ማቅጠን፣ የጎበጠ አፍንጫን ማቃናት በዚህች ቢላዋ ይሠራ ነበር።

እርሳሱ ይጠፋል፤ ቢላዋው ግን መመለሻ የለውም። አንድ ጊዜ የተፋቀ መስታወት አይድንም።

የሙያው ሰዎች በዚያ ዘመን ያስተምሩት የነበረ አንድ ነገር ዛሬም የሚሠራ ነው። ጥሩ አራሚ መጨማደድን አያጠፋም፣ ያለዝበዋል። ከአፍንጫ እስከ ከንፈር የሚወርደውን መስመር ጨርሶ የደመሰሰ ሰው ፊቱን እንቁላል ያደርገዋል። በፎቶሾፕ የእንከን መሙያ ብሩሽ፣ በሂሊንግ ብራሽ፣ የእናቱን ግንባር ልሙጥ አድርጎ «ምነው እማማን አትመስልም?» የሚል ጀማሪ ብዙ ነው። ልምድ ያለው ሰው እርማቱን ለብቻው ሌየር (በፎቶው ላይ የሚደረብ ግልጽ ንጣፍ) ላይ ሠርቶ የሌየሩን ጉልበት ወደ ግማሽ ያወርዳል፤ ያን ጊዜ መስመሩ ይመለሳል፣ ድካሙ ግን ይቀንሳል። እርሳሱ በኮማ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር።

ባዶ ነጭ የሚሆነው ሰማይ ደግሞ ሌላ መንገድ ከፈተ። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ አጋማሽ ባሕር ያነሳ ነበር። ለባሕሩ የሚበቃ ብርሃን ሲሰጥ ሰማዩ ይቃጠላል፤ ለሰማዩ ሲመጥን ባሕሩ ይጨልማል። ለ ግሬ ሁለት ኔጋቲቭ አነሳ፤ አንዱን ለሰማይ፣ አንዱን ለባሕር። ሲያትም መጀመሪያ ታችኛውን ጋርዶ ሰማዩን፣ ቀጥሎ ላይኛውን ጋርዶ ባሕሩን አተመና በአድማሱ መስመር ላይ አገናኛቸው። በ1857 በሴት ወደብ ያነሳው ታላቁ ማዕበል የተሠራው እንዲህ ነው፤ የለንደንና የፓሪስ ተመልካች እንዲህ ያለ ደመናና ሞገድ በአንድ ላይ አይቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ሌየርና ማስክ የሚባሉት ሁለቱ የፎቶሾፕ ምሰሶዎች እዚያ ወረቀት ላይ ነበሩ። ማስክ ማለት መጋረድ ነው፤ ጥቁር ይሸፍናል፣ ነጭ ይገልጣል።

በዚያው በ1857 በእንግሊዝ የሚኖረው ስዊድናዊ ኦስካር ረይላንደር «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» የሚል ሥራ በማንቸስተር ታላቅ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበ። ከሠላሳ በላይ ኔጋቲቮችን አንድ በአንድ እያተመ፣ ሌላውን እየሸፈነ የገጣጠመው ነው። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በግራና በቀኝ የሚጎተቱ ሁለት ወጣቶች፣ በመሃል ሽማግሌ፣ በዙሪያቸው ቁማርተኞች፣ ሠራተኞችና ጸሎተኞች ይታያሉ። እርቃናቸውን የቆሙት ሴቶች ክርክር አስነሱ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ግን አንድ ቅጂ ለባለቤቷ ለልዑል አልበርት ገዛች። በቀጣዩ ዓመት ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን አምስት ኔጋቲቮችን አጣምሮ በሳንባ በሽታ የምትሞት ልጃገረድን የሚያሳይ ፎቶ ሠራ። ልጃገረዷ ጤነኛ ሞዴል መሆኗ ሲታወቅ ብዙ ሰው ተቆጣ። ሠዓሊ የሞት አልጋ ሲሥል ማንም ተቆጥቶ አያውቅም፤ ፎቶ ግን የሆነውን ብቻ ያሳያል ተብሎ ታምኖ ነበርና ሕዝቡ እምነቱ የተነካበት ያህል ተሰማው። ያ ቁጣ ሊናቅ የማይገባው ነው። እስከዛሬም በየጊዜው የሚነሳው ያው ጥያቄ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ይኸው ዘዴ ቶሎ ወደ ፖለቲካ መግባቱ ነው። የአብርሃም ሊንከን ጭንቅላት በሌላ ፖለቲከኛ፣ በጆን ካልሁን፣ አካል ላይ ተቀምጦ ለዓመታት በቁም ምስልነት ተሰራጭቷል። አሜሪካዊው ጄኔራል ግራንት በፈረሱ ላይ ሆኖ በሠራዊቱ ፊት የሚታይበት የታወቀ ፎቶ ከሦስት የተለያዩ ፎቶዎች የተሰፋ ነው፤ ራሱ ከአንዱ፣ ፈረሱና አካሉ ከሌላው፣ ሠራዊቱ ከሦስተኛው። በሶቪየት ኅብረት ደግሞ የደህንነቱ ሹም ኒኮላይ የዦቭ በሞስኮና በቮልጋ መካከል በተቆፈረው ቦይ ዳር ከስታሊን ጎን ቆሞ ተነስቶ ነበር። በ1940 ከተገደለ በኋላ ከፎቶው ጠፋ፤ ቆሞበት የነበረው ቦታ በቦዩ ውኃ ተሞላ። ያንን ውኃ የቀባው ሰው በቀለም መርጫ ብዕርና በቢላዋ ነው የሠራው። ዛሬ የክሎን ስታምፕ ትምህርት የሚጀመረው በዚሁ ልምምድ ነው፤ ከባሕር ዳር ፎቶ ላይ አንድ ሰው ማጥፋትና ውኃውን ከጎኑ ወስዶ መሙላት።

በእኛም አገር የልጅ ኢያሱ ታሪክ ሲነሳ ፎቶግራፍ አብሮ ይነሳል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. (ይህ ብቻ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከሥልጣን ከመውረዳቸው በፊት ጥምጥም አድርገው የሚያሳዩ ፎቶዎች በመኳንንቱና በካህናቱ እጅ እንደዞሩ ይነገራል። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው የተቀነባበረ ነው የሚለው ክርክር በታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ዛሬም አላበቃም። ሆኖም የአንድ መንግሥት ዕጣ በወረቀት ላይ ካለ ምስል ጋር ተያይዞ መነሳቱ ብቻውን የፎቶን ጉልበት ይናገራል።

ከጨለማው ክፍል ወደ ኮምፒውተር ስሙን ይዞ የገባ አንድ መሣሪያ አለ፤ ተማሪውን ሁሉ ግራ ያጋባል። አንሻርፕ ማስክ ይባላል። ሲተረጎም «ያልጠራ መጋረጃ» ማለት ነው፤ ሥራው ግን ፎቶን ማጥራት ነው። እንዴት? በ1930ዎቹ የተለመደው ዘዴ እንዲህ ነው። ከኔጋቲቩ ሆን ተብሎ ደብዘዝ ያለ፣ ግልባጭ የሆነ ስስ ቅጂ ይሠራል። ሁለቱ ተደራርበው ሲታተሙ ደብዛዛው ቅጂ ሰፋፊዎቹን ብርሃንና ጥላዎች ያቻችላቸዋል፤ ጥቃቅኖቹን ጠርዞች ግን ደብዝዘው ስለቀሩበት ሊያቻችላቸው አይችልም። ስለዚህ ጠርዞቹ ብቻ ጎልተው ይቀራሉ። ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከፎቶው ላይ የደበዘዘውን ቅጂ ይቀንስና ልዩነቱን መልሶ ይጨምራል። ራዲየስ የሚለው መለኪያ ቅጂው ምን ያህል እንደሚደበዝዝ የሚወስን ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው መለኪያውን እስከ ጫፍ ይገፋና በሰው ትከሻ ዙሪያ የሚያበራ ነጭ ክር ይፈጥራል።

ምስል በኮምፒውተር ወደ ቁጥር የተቀየረው በ1957 ነው። በአሜሪካ የመለኪያዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ራስል ኪርሽ የሦስት ወር ልጁን ፎቶ በሠራው ማንበቢያ አሳለፈ፤ በወርድ 176፣ በቁመት 176 ነጠብጣብ ሆኖ ተመዘገበ። ዛሬ ተራ የሚባል የእጅ ስልክ ከሚያነሳው በመቶዎች ጊዜ ያንሳል። በ1982 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የየካቲት ሽፋኑ ላይ የጊዛን ፒራሚዶች አወጣ፤ አግድም የተነሳውን ፎቶ በቁመቱ ሽፋን ልክ ለማስገባት በኮምፒውተር ሁለቱን ፒራሚዶች አቀራርቧቸው ነበር። ነገሩ ሲታወቅ የተነሳው ጫጫታ መጽሔቱን ለዓመታት አልለቀቀውም። መሣሪያው ግን ያኔ ትልልቅ ማተሚያ ቤቶች ብቻ የሚገዙት ነበር።

ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ ያወረደው አንድ የሚሺጋን ቤተሰብ ነው። ግሌን ኖል በአን አርበር ከተማ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የኒውክሌር ምህንድስና ፕሮፌሰር ሲሆን ከቤቱ ምድር ቤት የፎቶ ማጠቢያ ክፍል ነበረው። ልጆቹ ቶማስና ጆን በዚያ ክፍል አደጉ። ቶማስ ብርሃንን መለካት፣ ወረቀት ማጠብ የተማረው ከአባቱ ነው። በ1987 የዶክትሬት ተማሪ ሳለ የነበረው ማኪንቶሽ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሚያሳይ፣ ግራጫን በነጠብጣብ አስመስሎ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ጆን ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለፊልሞች ልዩ ትዕይንት በሚሠራው ኢንደስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ተቀጥሮ ነበር። የወንድሙን ፕሮግራም ሲያይ ይህ ምስል ማስተካከያ ሊሆን እንደሚችል ገባው፤ ይህን ጨምር፣ ያንን ጨምር እያለ ጎተጎተው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ፕሮግራሙን ለገዢ ሲያሳዩ የሚጠቀሙባት አንዲት ፎቶ ነበረች። ጆን በቦራ ቦራ ደሴት ጀርባዋን ሰጥታ አሸዋ ላይ የተቀመጠች ፍቅረኛውን ያነሳት ናት፤ ፊት ለፊቷ ሰማያዊ ውኃና ደሴት ይታያል። በአንድ ጠቅታ ደሴቲቱን ሁለት ያደርጋታል፤ ተመልካቹ ይደነቃል። ፎቶዋ «ጄኒፈር በገነት» ተብላ ታወቀች። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ባርኒስካን ከሚባል የስላይድ ማንበቢያ ጋር ሁለት መቶ ያህል ቅጂ ተሸጠ፤ ከዚያ አዶቢ ኩባንያ ያዘውና በየካቲት 1990 ፎቶሾፕ 1.0 በሚል ስም ለማኪንቶሽ ብቻ ወጣ። የመጀመሪያው ዘመን ኮድ በ2013 በካሊፎርኒያ በሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ለሕዝብ ተለቋል። 128 ሺህ ያህል መስመር ነው፤ አብዛኛው በፓስካል ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን ዋናው ጸሐፊ ቶማስ ነው።

ከፎቶሾፕ መሣሪያዎች ስሞች መካከል የጨለማው ክፍል ቋንቋ መብዛቱ እንግዲህ አያስገርምም። ጸሐፊው የሚያውቃቸው ስሞች እነዚያ ነበሩ።

የመጀመሪያው ፎቶሾፕ ግን ዛሬ ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማራቸው ሁለት ነገሮች አልነበሩትም። ሌየር የመጣው በ1994፣ በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ፎቶው ላይ ከተለጠፈ በኋላ ከፎቶው ጋር ይዋሃዳል፤ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ወደኋላ መመለስም የሚቻለው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ከተሳሳተ ተሳሳተ ነው። የተሠራውን ሁሉ በዝርዝር አስቀምጦ ወደ ፈለጉት መመለስ የሚያስችለው ሂስትሪ የሚባለው ክፍል በ1998 ከአምስተኛው እትም ጋር ገባ። ሂሊንግ ብራሽ በ2002 ተከተለ፤ እሱ ከክሎን ስታምፕ የሚለየው የወሰደውን ቆዳ ከአዲሱ ቦታ ብርሃን ጋር አስማምቶ ስለሚያስቀምጥ ነው።

ሰዎች ስለ ፎቶሾፕ ሲያወሩ ስለሚጨምረው ተአምር ያወራሉ። ከሙያው ታሪክ አንጻር ሲታይ ግን ትልቁ ለውጥ ስህተትን መፍቀዱ ነው። የቢላዋው ዘመን አራሚ እጁን ከመሰንዘሩ በፊት ዓመታት መልመድ ነበረበት፤ የደንበኛው መስታወት አንድ ነው። የዛሬ ተማሪ አበላሽቶ ይማራል። ስለዚህ ጥሩ አሰልጣኝ ከሁሉ በፊት የሚያሳየው ዋናውን ፎቶ ሳይነኩ ቅጂ ሌየር መክፈትን ነው፤ ቀለሙ፣ ማጥራቱ፣ ቆረጣው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አዲስ አበባ ላይ የፎቶ ቤት ታሪክ ሲወሳ የአርመኖቹን የቦያጂያን ቤተሰብ መዝለል አይቻልም። አባትየው በድሮስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ መጥቶ የምኒልክን ቤተ መንግሥት አገለገለ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወርሰው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉ። ሰው ሁሉ በየሳሎኑ የሰቀለው የንጉሠ ነገሥት ምስል በእንዲህ ያሉ እጆች ውስጥ ያለፈ ነው። ከእነሱ በኋላ የመጡት የሰፈር ፎቶ ቤቶች ደግሞ ለሌላው ሰው ደረሱለት፤ ለተመራቂው፣ ለሙሽራው፣ ክርስትና ለተነሳው ሕፃን፣ ከሁሉም በላይ ጉርድ ፎቶ ለሚፈልገው።

ጉርድ ፎቶ የእኛ ሰው ከፎቶ ማስተካከያ ጋር በብዛት የሚገናኝበት ቦታ ነው። ቀድሞ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ኮትና ከረባት ይሰቀል ነበር፤ ገጠሬው ለመታወቂያ ሲመጣ ይለብሰዋል፣ እጅጌው ቢረዝምም ጉርድ ላይ አይታይም። ዛሬ ኮቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ የደንበኛውን አንገት ዙሪያ ላሶ በሚባለው መምረጫ ይከብና ከተዘጋጁት ኮቶች አንዱን ከሥሩ ያስገባል፤ ጀርባውን ነጭ ያደርጋል፤ አራት በአራት ደርድሮ ያትማል። ይህን ሁሉ ለመሥራት ደቂቃዎች ይበቁታል። ሊንከንን በካልሁን አካል ላይ ካስቀመጠው ሰው ጋር ሥራቸው አንድ ነው፤ የዚህኛው ዓላማ ግን አንድ ሰው በቀጣሪው ፊት ተከብሮ እንዲቀርብ ነው።

ሌላም ዓይነት ሥራ አለ፤ እሱ ላይ ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነጋገራል። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለ ልጅ በእህቱ ሠርግ ላይ ሳይገኝ ይቀራል፤ ፎቶው በስልክ ተልኮ ከቤተሰቡ መካከል እንዲገባ ይጠየቃል። አንዲት ሴት የሞቱትን አባቷንና በሕፃንነቷ ያጣቻቸውን እናቷን በአንድ ፎቶ ላይ ጎን ለጎን ማየት ትፈልጋለች፤ አብረው የተነሱት የለም። እዚህ ላይ የረይላንደርና የሮቢንሰን ችግር ይመለሳል። ብርሃኑ ለአንዱ ከግራ፣ ለሌላው ከቀኝ ይመጣል። የአንዱ ፎቶ ደቃቅ፣ የሌላው እህል እህል የሚል ነው። ባለሙያው መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይራቸዋል፤ ቀጥሎ ጠርዛቸውን በማስክ ያለሰልሳል፤ መጨረሻ ላይ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት እህል ይነሰንስባቸዋል፤ ያን ጊዜ በአንድ ቀን የተነሱ ይመስላሉ።

አንዳንዴ ደግሞ የተጣጠፈ ፎቶ ይመጣል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ወጣት ሳሉ ፎቶ ቤት ገብተው የተነሱት፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣ እጥፋቱ የግራ ዓይናቸው ላይ ያለፈ። ባለሙያው በስካነር ያስገባዋል፤ የመጀመሪያውን ሌየር ቆልፎ ሁለተኛ ይከፍታል። ግድግዳውና ኮቱ ላይ ያለውን እጥፋት ሂሊንግ ብራሽ በቅጽበት ይሞላዋል። ጉንጩ ላይ ሲደርስ ብሩሹን ያሳንሳል፤ የፂሙ ጥላ እንዳይጠፋ አንድ አንድ ነጥብ ያስቀምጣል። ዓይኑ ላይ ሲደርስ ብሩሹን ይተወዋል። ቀኙን ዓይን ገልብጦ ግራው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ነገር ግን የፎቶ ቤቱ መብራት ከአንድ ወገን ነበርና ዓይኑ ውስጥ ያለችው ነጭ ነጥብ በተሳሳተ በኩል ትወድቃለች፤ ሁለቱ ዓይኖች ሁለት መብራት የሚያዩ ይሆናሉ። ለልጃቸው ይደውላል። ሌላ ፎቶ ይኖር ይሆን? ልጃቸው ከሰዓት በኋላ የድሮ መታወቂያቸውን ይዛ ትመጣለች፤ ጥፍር የምታህል ጉርድ ፎቶ ተለጥፋበታለች። ከዚያች ላይ የግራውን ዓይን ቅርጽ ይወስዳል፤ ነጭዋን ነጥብ ግን ቀኙን ዓይን እያየ በራሱ እጅ ይቀባታል።

ሥራው ሲያልቅ ከሌየሩ ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ይጫናታል፤ እጥፋቱ ይመለሳል። ደግሞ ይጫናታል፤ እጥፋቱ ይጠፋል። ልጃቸው ሦስት አራት ጊዜ እንዲደግምላት ትጠይቀዋለች። በወረቀቱ የታችኛ ጥግ ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ተጎርብጦ ይታያል፤ ግማሹ በእድፍ ተሸፍኗል። እሱን እንዳይነካው ትነግረዋለች፤ ባለሙያውም አልነካውም።